የነጥብ ደብተር

«ይሄን ሁሉ ስም የጻፈው ማነው?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ «እኔ»። ብርሃነሽ ግን ያን ሐሙስ ጠዋት፣ በገዛ ቤቷ በር ላይ ቆማ፣ ያቺን አንድ ቃል ከጉሮሮዋ ማውጣት አቃታት።

ጠያቂው ፖሊስ ደብተሩን በአንድ እጁ እንደያዘ ክፍሏን ቃኘ። ለቅኝትም የምትበቃ ክፍል አይደለችም። አንድ አልጋ፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለ የልጆች ፍራሽ፣ ቡታጋዝ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጀርባው የወጣ አሮጌ ቴሌቪዥን። ቴሌቪዥኑን ማንም አላጠፋውም። በረሮ የሚመስሉ ፍጥረቶች በአምስት ረድፍ ተሰልፈው፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያሉ፣ ጥቁሩን ሰማይ ይዘው ይወርዳሉ። ከታች ያለችው ትንሽ ጄት የሚነዳት አጥታ በቆመችበት ትመታለች። የዘጠኝ ዓመቱ ኤልቃና ጆይስቲኩን ጥሎ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ገብቷል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ጣቢታ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ደርቃለች። የአከራያቸው ልጅ ኩምሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለ ፖሊሱ ወደ ጣቢታ ዞሮ። «ተማሪ አይደለሽ?»

ጣቢታ እናቷን አየች። ብርሃነሽ አፏን ከፈተች። ድምፅ የለም።

«እኔ ነኝ» አለ ኩምሳ።

«አንተ?»

«አዎ፣ የኔ ደብተር ነው። እነሱ ተከራይ ናቸው፤ ምንም አያውቁም።»

ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘው አወጡት። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ አባቱ ኦቦ ጉታ ከጓሮ በሩጫ መጡ። ልጃቸውን ነጠላ ጫማ እንዳደረገ መኪናው ላይ ሲጭኑት ደረሱ። መኪናው ወደ ጅማው መንገድ ታጥፎ ከዓይን ጠፋ። ብርሃነሽ ያን ጊዜ ነው ድምጿ የመጣላት። ምን ዋጋ አለው?

ደብተሩ የእሷ ነበር። እያንዳንዷ ፊደል የእሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ባሏ ማርቆስ ለገጣፎ አንድ ቪላ ውስጥ ልስን ይሠራ ነበር። ባለቤቲቱ ዕቃ ስታስወጣ አንድ ግራጫ ሳጥን ሰጠችው። «ልጆቼ አድገዋል፤ ለልጆችህ ውሰድላቸው» አለችው። ቲቪ ጌም ነው። ሁለት ጆይስቲክ አለው፤ አንደኛው አይሠራም። ቢጫው ካሴት ላይ «64» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ስድሳ አራት ጨዋታ ማለት ነው። ከስድሳ አራቱ የሚከፈተው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ይኸው የበረሮዎቹ ጨዋታ ነው። ጄቷን እየነዱ መተኮስ፣ በረሮዎቹ መሬት ሳይነኩ መጨረስ። ሦስት ጄት ከተመታ ጨዋታው ያልቃል። ሲያንሱ ይፈጥናሉ። የመጨረሻዋ አንዷማ ዓይን እስኪያሳምም ነው የምትበረው። እሷን መትተው ሲጨርሱ ሌላ አምስት ረድፍ ይመጣል።

ያ ወር ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር ሰበታንም፣ ቡራዩንም፣ ሱሉልታንም ያናወጠበት ወር ነበር። አዲስ አበባ እየሰፋ መሬታችንን ሊውጥ ነው ብሎ ገበሬው ሰጋ፤ ተማሪው መንገድ ወጣ። ጥር ላይ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። መንገዱ ግን አልበረደም። ብርሃነሽ ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽኗ አጠገብ ቆማ የተኩስ ድምፅ በሰማች ቁጥር ልቧ ወደ ቤት ይሮጣል። ኤልቃና የት ነው? ጣቢታ ከትምህርት ቤት ወጥታ ይሆን? በየትኛው በኩል?

የሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ሲዘጋ የኩምሳ ጓደኞች የእነ ጣቢታን ሳጥን አገኙት። መጀመሪያ «ይሄ ፋራ ጌም ነው፣ አባቶቻችን የተጫወቱት» እያሉ ሳቁ። በሳምንቱ ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ጀመር። ማርቆስ ተቆጣ። ብርሃነሽ ግን አንድም ቀን ውጡ አላለቻቸውም። እዚህ ተቀምጦ በረሮ የሚመታ ልጅ መንገድ ላይ ጎማ አያቃጥልም። ጥይትም አያገኘውም። ከተማው ሲረበሽ እንዲያውም ራሷ በየበሩ እየሄደች ትጠራቸዋለች፤ «ኑ፣ ከፍቼላችኋለሁ»።

ይህ ሳጥን ታዲያ አንድ ጉድለት አለው። ሲጠፋ ይረሳል። ማን ስንት ነጥብ እንዳመጣ የሚያስታውሰው መብራት እስካለ ድረስ ነው። ሰበታ ውስጥ ደግሞ መብራት የሚሄድበት ሰዓት አይታወቅም።

«ስድስት ሺህ አልፌ ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ ዲኖ አንድ ቀን፣ ቴሌቪዥኑ ድርግም ሲል።

«ማን አየህ?» አለ ኩምሳ።

«ሁላችሁም አይታችኋል! ሼም የለህም እንዴ?»

«እኔ የጠፋ ቴሌቪዥን ነው ያየሁት።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ደራርቱ የምትባለው የጎረቤት ልጅ ለዲኖ ስታግዝ፣ እህቱ ራቢአ በገዛ ወንድሟ ላይ ስትመሰክር፣ ነገሩ ወደ ጠብ ሄደ።

«በቃ፣ እትዬ ብርሃነሽ ትጻፍልን» አለ ዲኖ። «እሷ አትዋሽም። ጴንጤ ናት።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ብርሃነሽ አልሳቀችም። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች አራተኛ ወሯ ነበር። መምህርቷ ውባንቺ «በየቀኑ አንድ ነገር ጻፉ፤ ከቤታችሁ፣ ከሰፈራችሁ፤ የጎረቤት ስምም ቢሆን» ትላቸዋለች። ብርሃነሽ የሚጻፍ ነገር አጥታ የሳሙናና የበርበሬ ስም ስትደጋግም ነው የከረመችው። አሁን ሥራ አገኘች። ከላይ ቀኑን፣ ከሥሩ ስም፣ ከስሙ አጠገብ ነጥብ። እስክሪብቶውን እንደ ወስፌ ስለምትጫነው የምትጽፈው ነገር ሦስት ገጽ አልፎ ይታተማል። ፊደሎቿ እንደ ባቄላ የገዘፉ ናቸው። ልጆቹ «እትዬ፣ ወረቀቱን አቆሰልሽው» እያሉ ይቀልዱባታል። በሰኔ ኩምሳ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ አመጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያለፈው የለም። መምህርት ውባንቺ ደብተሩን ስታይ «ጎበዝ!» ብላ ከላይ ቀይ ምልክት አደረገችበት። ብርሃነሽ ያን ምልክት ለማርቆስ ሁለት ጊዜ አሳይታዋለች።

ከዚያ የመስከረሙ የእሬቻ ሐዘን መጣ። በሰበታ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ የእሷም አብሮ ሄደ። አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ቤት ለቤት ፍተሻ ተጀመረ። ደብተሩም እንደ ወትሮው ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ኦቦ ጉታ ከጣቢያ የተመለሱት እኩለ ቀን ላይ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ብርሃነሽ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«አገኙት ኦቦ ጉታ? አዩት?»

«ከሩቅ ነው ያሳዩኝ። ነገ ጠዋት በመኪና ይወስዷቸዋል አሉ። የት እንደሆነ አይነግሩም።» ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ደብተሩ የአድማ ዝርዝር ነው ይላሉ። ቁጥሩ መዋጮ ነው አሉ። ቀኖቹን ቆጥረው አሳዩኝ፤ አድማ የተጠራበት ቀን ሁሉ ስሙ ይበዛል። ምን ልበላቸው? እኔ ጨዋታውን አላውቀው። ቢያንስ ልጄ እንዲህ በገዘፈ ፊደል እንደማይጽፍ አውቃለሁ፤ እሱ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ ነው።»

ብርሃነሽ በሩን ያዘች። አዎ፣ ይበዛል። አድማ በተጠራበት ቀን ነው ልጆቹን በየበሩ እየዞረች የምትሰበስባቸው። ሌላ ቀን ሦስት፣ አራት ናቸው፤ በዚያ ቀን አሥራ አንድ ይሆናሉ። እሷም ሁሉንም በየተራ፣ ሳትዘል፣ በቀኑ ስር ጽፋቸዋለች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ኦቦ ጉታ» አለች። «እኔ እሄዳለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአት። አይሆንም አላሉም። ሂጂም አላሉም። «ማሎ፣ ልጄ» ብቻ አሉ፤ እባክሽ ማለታቸው ነው።

ማርቆስ ግን ከቤት ውስጥ ሰምቶ ነበር።

«የትም አትሄጂም» አለ ቀስ ብሎ። ማርቆስ ሲፈራ ድምፁ ይቀንሳል። «እኛ እዚህ አገር ማን አለን? አንቺን ቢያስቀሩሽ ማን ይጠይቅሻል? ቅዳሜ ወደ ቦዲቲ፣ እናትሽ ቤት ልንሄድ ተነጋግረን የለም? የኤልቃና ደረት ይህን ጭስ አይችለውም። ዕቃ ማሰር ነው የቀረን።»

«ልጁ በኔ ነው የገባው።»

«በፈቃዱ ነው ያለው! ማን እኔ ነኝ በል አለው?»

«እኔ ዝም ስል ነዋ» አለች ብርሃነሽ። «ፖሊሱ ልጅህን ሊወስዳት ነበር። ጣቢታን ነበር የሚወስዳት። እኔ እናቷ ዝም አልኩ፤ እሱ ተናገረ።»

ጣቢታ ከአልጋው ተነስታ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ መንቀል ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጌሙን ይዛ ትሂዳ፣ አባዬ። ካላዩት እንዴት ያምናሉ?»

ሳጥኑን፣ ገመዱን፣ ካሴቱንና ጆይስቲኩን በፌስታል አስገባችላት። «ቢጫውን ቢጫው ላይ፣ ነጩን ነጩ ላይ ነው እማዬ። ምስሉ ከተበላሸ ካሴቱን አውጥተሽ እፍ በዪበት።»

የጣቢያው በር ላይ ያለው ጥበቃ ወጣት ነው፤ ጢሙ ገና አልደደረም። ፌስታሉን በጠመንጃው አፈሙዝ ገለጥ አደረገው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቲቪ ጌም ነው።»

«ምን?»

«የልጆች መጫወቻ። ኃላፊው እንዲያየው ነው።»

ወጣቱ ካሴቱን አንስቶ አገላበጠው፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ መጥቶ ሄደ። ኦቦ ጉታን በር ላይ አስቀርቶ እሷን ይዟት ገባ። ግቢው ውስጥ ብዙ ወጣቶች እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ኩምሳ ከመሃል ነበር። አየችው፤ አያት፤ ቶሎ አቀረቀረ።

የምርመራ ኃላፊው ዓይኑ ከእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ከጎኑ መደርደሪያ ላይ ዜና የሚያሳይ ቴሌቪዥን አለ።

«ደብተሩ የኔ ነው» አለች ገና ሳይጠይቃት፤ ይህ ቃል እንደገና ዘግይቶ እንዳይቀርባት ፈርታ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ልጁ ውሸቱን ነው።»

«የሱን ቃል ተቀብለናል። እሱ እኔ ነኝ ብሏል።»

«ለኛ ብሎ ነው፣ ጌታዬ። ጎልማሶች ትምህርት ነው የምማረው። ቁጥሩ የጌም ነጥብ ነው። ሳጥኑ ሲጠፋ ስለሚረሳ እኔ እጽፍላቸዋለሁ።»

ኃላፊው ወደ ኋላ ተደገፈ። «ሰባት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ» ብሎ አነበበ። «ይሄ ነጥብ ነው?»

«ብር ነው ብለው ነው? ጌታዬ፣ የኛ ሰፈር ልጅ ሰባት ሺህ ብር ከየት ያመጣል? ሰባት ሺህ ቢኖረው እኔ ቤት መሬት ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል?»

ወጣቱ ጥበቃ በአፍንጫው ሳቀ፤ ኃላፊው ሲያየው ተኮሳተረ።

«ቴሌቪዥኑ ይኸው» አለ ኃላፊው። «አሳዪኝ።»

ብርሃነሽ ይህን አላሰበችም ነበር። ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ልጆቹ ከጎኗ ሲጫወቱ አይታለች፤ ጆይስቲኩን ግን ለመጥረግ ካልሆነ በእጇ ይዛው አታውቅም። ቢጫውን ቢጫው ላይ፣ ነጩን ነጩ ላይ ሰካች። ምስሉ መስመር በመስመር ሆኖ ተንቀጠቀጠ። ካሴቱን አውጥታ እፍ አለችበት። እንደገና ስትከተው በረሮዎቹ በአምስት ረድፍ ብቅ አሉ፤ ድምፃቸውም መጣ፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ግቢ ያሉት ልጆች ሰምተውት ይሆን? ኩምሳስ?

ቆማ ነው የተጫወተችው። የመጀመሪያዋ ጄት ሳትንቀሳቀስ ተመታች። መትረፍ ያለበት ሰው ሁሉ በዚያች በሁለተኛዋ ጄት ላይ የተሳፈረ መሰላት፤ ወደ ቀኝ ስትገፋት ወደ ቀኝ ትሮጣለች፣ መመለሱ ግን ይዘገያል። አንድ መታች። ሁለት። ሦስት። ሁለተኛዋም ሄደች።

«መሃል አትቁሚ!» አለ ወጣቱ ጥበቃ፣ ሳያስበው። «ጥግ ያዢ! ከጥግ ጀምሪያቸው፣ ከጥግ!»

«አንተ!» አለው ኃላፊው።

«ይቅርታ።»

ጥግ ያዘች። ከዳር ያሉትን አንድ በአንድ አራገፈቻቸው። የቀሩት ፈጠኑ፤ ልጆቹ ቤት ውስጥ «እየመጡ ነው፣ እየመጡ ነው» እያሉ የሚጮኹበት ሰዓት ደረሰ። እሷ ግን ዝም ብላ ጥርሷን ነክሳ ገፋች። ከዚያ አንዲት ነጭ መስመር ከላይ ወረደችና ጄቷ ተበታተነች። ሦስተኛዋ ናት። ጨዋታው አለቀ። ከላይ ቁጥሩ ቆመ።

ብርሃነሽ ጆይስቲኩን አስቀመጠች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ እሷም ልብ ሳትል፣ ቤቷ ውስጥ በየቀኑ የምታደርገውን አደረገች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሳች፣ ደብተሩን ወደራሷ ሳበች፣ ከመጨረሻው ስም ሥር ጎንበስ ብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጻፈች። ብርሃነሽ። አንዴ ቀና ብላ ቴሌቪዥኑን አየች፤ ቁጥሩን ለማረጋገጥ። 340።

እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲጭር የሚሰማው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ስትጨርስ ነው የት እንዳለች ትዝ ያላት፤ እጇን እሳት እንደነካው ሰው ከደብተሩ አነሳች።

ኃላፊው ደብተሩን አዙሮ ወሰደ። አዲሱን መስመር ከላይኛው ጋር አስተያየ። ገጹን ገልብጦ ከጀርባው የወጣውን ጉብታ በጣቱ ዳሰሰ። ወደ ሰኔ ሄደ፤ ያንንም ዳሰሰ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ብርሃነሽ የበረሮዎቹን ድምፅ እየሰማች ቆመች፤ ጨዋታው ራሱን በራሱ እንደገና ጀምሯል።

«በአድማ ቀን ለምን በዙ?» አለ ቀና ሳይል።

«እኔ ነኝ የምጠራቸው። በዚያ ቀን ነው የምፈራው። መንገድ ላይ ከሚሆኑ ብዬ ነው።»

«ሁሉም እስኪያልቅ ቤትሽ ይቀመጣሉ?»

«እስኪረጋጋ ድረስ። አንድ ሁለቱ ጥለውኝ የሚወጡበት ቀን አለ፤ እሱን አልዋሽዎትም። ኩምሳ ግን ወጥቶ አያውቅም። ነጥቡን እንዳያልፉበት ይፈራል።»

ኃላፊው ግንባሩን አሸ። «ቴሌቪዥኑን አጥፋው» አለው ወጣቱን። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ።

«ልጁን በዋስ እለቀዋለሁ። አባቱ አይሆንም፤ ደብተሩ የተገኘው በሱ ቤት ነው። የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ዋሱም አንቺ ነሽ። መታወቂያ አለሽ?»

«አለኝ።» ለትምህርቱ ምዝገባ ብላ ነበር ያወጣችው።

«በየሰኞው ልጁን ይዘሽ ትመጪና ትፈርሚያለሽ። ከከተማ አትወጪም፤ እሱም አይወጣም። አንድ ሰኞ ከቀረ የምይዘው አንቺን ነው። ገባሽ?»

ቅዳሜ ወደ ቦዲቲ ልንሄድ ነው ልትል ነበር። የሚታሰረው ዕቃ፣ የኤልቃና ደረት፣ እናቷ ቤት፣ ማርቆስ በአንድ ጊዜ መጡባት።

«እስከ መቼ?» አለች።

«አላውቅም።»

ወረቀቱ ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ሰማያዊ ቀለም ከጎን ተቀምጧል። ኃላፊው ወደ እሷ ገፋው። ብርሃነሽ ቀለሙን ትታ እስክሪብቶውን ያዘች፤ ስሟን ሙሉውን፣ እስከ አያቷ፣ ጻፈች።

«ደብተሬስ?»

«ደብተሩ እዚህ ይቀራል» አለ ኃላፊው፣ እጁን ላዩ ላይ አድርጎ።

ኩምሳ ከግቢው ሲወጣ ኦቦ ጉታ አንገቱን አቅፈው ብዙ ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ወደ ብርሃነሽ ዞሩ፤ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። በኦሮምኛ መረቋት። ግማሹ ገባት።

ኩምሳ ራመድ ብሎ ደረሰባት። «ድምፁን ሰማሁት እኮ፣ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ስንት አመጣሽ?»

«ሦስት መቶ አርባ።»

«ኤልቃናም ይበልጥሻል» አለ።

እሷ ግን ስለ ደብተሩ ነበር የምታስበው። ኩምሳ ወጣ፤ ስሞቹ ቀሩ። ቤት ሳትገባ ከበር ወደ በር ዞረች፤ ልጆቹን ለመጥራት በምትዞርባት በዚያችው መንገድ። ለእያንዳንዱ እናት ነገረች። «የልጅሽን ስም ጽፌዋለሁ፤ ደብተሩን ወስደውታል። ይቅር በዪኝ። አስቢበት» አለች። የደራርቱ እናት በሩን ፊቷ ላይ ዘጋች። የዲኖና የራቢአ እናት ምንም ሳትላት ወደ ውስጥ ገብታ የልጆቿን ልብስ መሰብሰብ ጀመረች።

ማርቆስ የዋስትናውን ግልባጭ አንብባ ስትጨርስለት አልጋው ላይ ተቀመጠ። አልጮኸም። «እሱ ቢጠፋስ?» አለ። «በሰው ልጅ እግር ነው ራስሽን ያሰርሽው፣ ብርሃነሽ።» እሷም ያንኑ ፈርታለች። ኤልቃና በዚያ ሳምንት ጭስ በጭስ በሆነው ሰማይ ደረቱ እያፏጨ ነበር፤ እሱን ማቆየት አይቻልም። ጣቢታ «እማዬን ብቻዋን ትቼ አልሄድም» አለች። ብርሃነሽ ጮኸችባት፣ ለመነቻት፤ እምቢ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዓለም ገና መገንጠያ ላይ፣ የቡታጅራው መንገድ በሚጀምርበት፣ ሚኒባሱ ሲሞላ ብርሃነሽ ከአባቱ ጎን የተቀመጠውን ኤልቃናን በመስኮት ሳመችው። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ከኩምሳ ጋር ጣቢያ ሄዳ ፈረመች። የሚቀጥለው ሰኞም፣ ከዚያ በኋላ ያሉትም ሰኞዎች እንዲሁ አለፉ።

ዲኖና ራቢአ ቡራዩ አክስታቸው ዘንድ ሄዱ፤ አልተመለሱም። ደራርቱ ከእናቷ ጋር ቀረች። ማርቆስና ኤልቃና ቦዲቲ ሄዱ። ኩምሳ ቀረ። ጣቢታ ቀረች። ብርሃነሽም ሰበታ ቀረች።